ሣር የበዛበት አገር

ፈረስ ሣር በዝቶበት ይሞታል ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር። እኔ የማውቀው ሣር አጥቶ ሲሞት ነው። ወዳጄ፣ ይህን የማጫውትህ ወሎ፣ ደላንታ ተወልጄ፣ ዕድል ጎትቶ ቨርጂኒያ ገጠር ያስገባኝና ከወገቤ የማያልፉ የሁለት ፈረሶች ጠባቂ የሆንኩ ሴት ነኝ። ስለ ድርቁም፣ ስለ ደርግም፣ ስለ ስደቱም ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ጽፈዋል። እኔ የማወራህ ስለ ድርቆሽ ነው፤ ድርቆሽ ባልኩ ቁጥር ግን ያ ሁሉ ተከትሎኝ ይመጣል።

ደላንታን ካየኸው ደጋው ሜዳ ነው፣ ነፋሱ ብርቱ፣ ገደሉ ጥልቅ። ገበሬው በበልግ ዝናብ ነው የሚኖረው፤ በልጉ ከከዳ ዓመቱ ከዳ ማለት ነው። አባቴ ዳማ ፈረስ ነበረው፤ ስሙ መብረቅ። እርሻው በበሬ፣ ጭነቱ በአህያ ነውና መብረቅ የሚወጣው ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለጥምቀት ጉግስ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል እንደተባሉት ሁሉ የእኛም መንደር ሰው በአቅሙ በፈረሱ ይጠራ ነበርና አባቴን እኩዮቹ አባ መብረቅ ይሉታል። ማታ ከገበያ ሲመለስ ከእሱ ቀድሞ ቤት የሚገባው ሽታው ነው፤ የፈረስ ላብ፣ የኮርቻ ቆዳ፣ የጭስና የደረቀ ሣር ሽታ አንድ ላይ። እናቴ የእግር ውኃ ይዛ ብትወጣም እሱ መጀመሪያ ልጓሙን ይፈታል፣ ኮርቻውን ያወርዳል፣ ግርግሙን ያያል። እግሩን የሚታጠበው ከዚያ በኋላ ነው።

ማለዳ ደግሞ ማንም ሳያናግረው ጋጣ ይገባና መዳፉን ከፈረሱ አንገት ጀምሮ እስከ ጎድኑ፣ ከጎድኑ እስከ ታፋው ቀስ አድርጎ ያሳልፋል። እኔ የበሩን መቃን ተደግፌ አየዋለሁ። አንድ ቀን፣ “አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?” አልኩት።

“እያየሁት” አለኝ።

በእጅም እንደሚታይ ያወቅሁት ያኔ ነው።

በ1976 ዝናቡ ከዳ፤ 1977 መጣ። ቆረም ላይ የተነሣውን የረሀቡን ፊልም ዓለም ሁሉ አይቶታል። እኛ ቤት ግን ረሀቡ የገባው በጣሪያ በኩል ነው። መስኩ ተራቆተ፣ ጭዱ አለቀ፣ አባቴም የጎጆውን ክዳን እየመዘዘ ለመብረቅ ማብላት ጀመረ። ስንት ዓመት ጭስ የጠጣ፣ ጥላሸት ያጠቆረው ሣር ነው። ፈረሱ መጀመሪያ አሽትቶ ፊቱን አዞረ፤ ኋላ ግን ዓይኑን ጨፍኖ አኘከው። የማኘኩ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ ደረቅና ዝግ ያለ። ሌሊት ተጋድሜ ክዳኑ በተመዘዘበት በኩል ከዋክብት አያለሁ። እናቴ አንድም ቀን “ቤቴን ለምን ታፈርሰዋለህ?” አላለችውም። በመጨረሻ ወገልጤና ገበያ ወሰደው። ሲመለስ ኮርቻውን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ነበር። ለማን እንደሸጠው፣ ስንት እንዳገኘበት የጠየቀው ሰው የለም። ከዚያ ወዲያ እኛም አገር ለቅቀን ወረድን። አባቴ በዚያው መንገድ ቀረ፤ እኔን አክስቴ አዲስ አበባ ወስዳ አሳደገችኝ፤ እናቴ ዝናቡ ሲመለስ ወደ ደላንታ ተመለሰች።

መንግሥት ተለወጠ፣ ዓመታት አለፉ፣ ዲቪ ደረሰኝና አሜሪካ ገባሁ። ብዙ የአገሬ ሴቶች የሚሠሩትን ሥራ፣ አረጋውያንን በቤታቸው መንከባከብን ያዝኩ። ከአሌክሳንድሪያ ተነሥተህ በ66 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ስትነዳ ከተማው ይሳሳል፣ ዛፉ ይበዛል፣ ከዚያ የብሉ ሪጅ ተራሮች ፊትህ ይቆማሉ። ፍሮንት ሮያል የምትባለውን ከተማ ወጣ ብሎ አንዲት ባልቴት ቤት ነበራቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ በልቤ ግን እሜቴ እላቸው ነበርና እዚህም እሜቴ ልበላቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ ተጠግኗል። መሬታቸው አምስት ኤከር ነው፣ በእኛ ልኬት ስምንት ጥማድ ግድም።

የገባሁ ዕለት በወጥ ቤቱ መስኮት ወደ ጓሮ ሳይ ሁለት ውርንጭላ ቆመዋል። “እናታቸውስ የት አለች?” ብዬ ጠየቅሁ።

እሜቴ ሳቁ። “ያቺ ዳማዋ ዴዚ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው” አሉኝ።

ወጥቼ አየኋቸው። ዴዚ ግንባሯ ላይ ቦቃ ያላት ባዝራ ናት፤ ጋማዋ ዓይኗን ይሸፍነዋል። ፔፐር ጉራቻ ነው፣ የተቀጠቀጠ፤ ሰው ሲያይ በላይኛው ከንፈሩ ኪስ ይፈትሻል። ሁለቱም ሙሉ ፈረስ ናቸው። ደረቱ፣ አንገቱ፣ አካሄዱ፣ ማሽካካቱ ሳይቀር የፈረስ ነው፤ ቁመቱ ብቻ ነው የቀረው። አሜሪካኖች ሚኒየቸር ፈረስ የሚሉት ከጋማው የመጨረሻ ፀጉር እስከ መሬት ሲለካ ከ34 ኢንች፣ ማለትም ከ86 ሳንቲሜትር ግድም የማይበልጠውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመው ማኅበራቸው የሚመዘግበውም በዚሁ ልክ ነው። አፍንጫዬን ወደ ዴዚ አንገት አስጠጋሁ። ሽታው ያው ነበር። አገር ቢለወጥ፣ ባሕር ቢያቋርጡ፣ የፈረስ አንገት ሽታ አይለወጥም። ሆዴ ባባ።

እሜቴ አስተማሪ ናቸውና ማስረዳት ይወዳሉ። በብርዱ ወራት ምድጃው አጠገብ ሻያችንን ይዘን ስንቀመጥ የእነዚህን ፈረሶች ዘር ይተርኩልኝ ነበር። በትንንሾቹ ፈረሶች ደም ውስጥ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ካሉት ከሼትላንድ ደሴቶች የመጣ አለበት። ደሴቶቹ ነፋስ የማይለያቸው፣ ሣራቸው ጥቂት ነው፤ ፈረሶቹ ሲቸግራቸው ባሕሩ የተፋውን አረም ይበሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 የእንግሊዝ ፓርላማ ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች ከሰል ጉድጓድ ውስጥ እንዳይሠሩ ከለከለ። ያኔ ልጆቹ ይጎትቱት የነበረውን ጋሪ የሚጎትት ተፈለገ፤ ዝቅ ባለው ዋሻ ማለፍ የሚችለው ደግሞ ይህ አጭር ፈረስ ነው። ብዙዎቹ ጋጣቸው ሳይቀር ከመሬት በታች ነበር። ይህን የነገሩኝ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በልጆች ፈንታ የገቡ ፈረሶች። ከዚያ ወዲያ ዴዚንና ፔፐርን መጫወቻ አድርጌ አይቻቸው አላውቅም።

ቀናችን የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ ነው። ቦት ጫማዬን አጥልቄ፣ የእጅ ጋሪና መንሽ ይዤ እወጣለሁ። ውርጭ ሲሆን አስቀድሞ የውኃ ገንዳውን በረዶ መስበር ነው፤ ፈረስ ውኃ ሲያንሰው የበላው አንጀቱ ውስጥ ደርቆ ይቆምና ሆዱን ያመዋል። ከዚያ ፋንድያ ማንሣት። ቀጥሎ ሰኮና፤ እግራቸውን አንሥቼ የተሰነቀረውን ጭቃና ጠጠር በብረት እፈለፍላለሁ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ሰኮና ከርካሚው ይመጣል። ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ ለሌላው ፈረስ ጎንበስ የሚለው ለእነዚህ ይንበረከካል፣ ያቺን ሻይ ብርጭቆ የምታህል ሰኮና ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሞረድ ሲያስተካክላት እየዘመረ ነው።

የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ሚዛኑ። እሜቴ ጋጣው በር ላይ የምትንጠለጠል ሚዛን ነበረቻቸው። ድርቆሹን በመረብ ከትቼ እሰቅላለሁ። እንደ ዴዚ 100 ኪሎ ግድም የምትመዝን፣ ክብደት መቀነስ ያለባት ባዝራ ሐኪሟ በቀን የፈቀደችላት ድርቆሽ 1 ኪሎ ተኩል ነው፤ እሱም ተከፋፍሎ። ገብስ የለም፣ አጃ የለም። ድርቆሹም ቢሆን ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ስኳሩ ወጥቶ፣ ውኃው ተደፍቶ ነው የሚሰጣቸው። ከጋጣው ፊት ለፊት ደግሞ ያ ሁሉ ለምለም መስክ ተዘርግቷል። በአገራችን ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው ይባላል፤ እዚያ ግን ሥራዬ ፈረሱና ሜዳው እንዳይገናኙ መጠበቅ ነበር። የሚውሉት ጠጠርና አሸዋ በለበሰ ግቢ ውስጥ ነው። ወደ ሣሩ ሲወጡ ለጥቂት ጊዜ፣ አፋቸው ላይ አንዲት ቀዳዳ ያላት የአፍ ቅርጫት ታስሮ ነው። እኔ በአውድማ ላይ እንኳ የበሬ አፍ አይታሰርም ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ነኝ። በመጀመሪያው ሰሞን ያንን ማሰሪያ ስቆልፍ እጄ እንቢ ይለኝ ነበር።

“ልጄ” አሉኝ እሜቴ፣ “እነዚህ የተሠሩት ለድሃ መሬት ነው። በዚህ መሬት ላይ ከለቀቅሻቸው በሣር ይሞታሉ።”

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቂት ሣር ለመኖር የተሠራ ሰውነት የበላውን ሁሉ ያስቀምጣል። የፀደይ ሣር ስኳሩ ብዙ ነው፤ ውርጭ አድሮ ፀሐይ የወጣበት ጠዋትም እንዲሁ። ስኳሩ ሲበዛ በደማቸው ውስጥ ኢንሱሊን ያሻቅባል፣ ሰኮናውን ከውስጥ አጥንቱ ጋር አያይዞ የያዘው ሥጋም ይጎዳል። ላሚናይቲስ ይሉታል። ሲብስ አጥንቱ ከቦታው ይዞራል፤ ያኔ ፈረሱ መቆም ያቅተዋል። ይህን ስሰማ አሌክሳንድሪያ ያሉ የአገሬ ሰዎች ናቸው ትዝ ያሉኝ፤ በገብስ ቆሎ አድገው፣ በረሀብ አልፈው፣ የሚበላው ሞልቶ የተረፈበት አገር ሲገቡ ስኳር የያዛቸው። በድንገት ማስራብም መፍትሔ አይደለም። የወፈረ ትንሽ ፈረስ ምግቡ በአንዴ ከተቋረጠ ያከማቸው ስብ ወደ ደሙ ይጎርፍና ጉበቱን ይመታዋል፣ ይገድለዋልም። ጥጋቡም ረሀቡም ጠላቱ ነው።

በመሐል ያለችውን ቀጭን መንገድ የሚያሳይህ እጅህ ነው። ጋማው ሥር ያለው ሥጋ ደድሮ ከተነሣ ክፉ ምልክት ነው፤ ልል ሲሆን ደህና ነው። ጎድኑ በመዳፍ ሲዳሰስ መሰማት አለበት፣ በዓይን ግን መታየት የለበትም። ጠዋት ጠዋት እዳስሳቸዋለሁ። አንድ ቀን እሜቴ በምርኩዛቸው እስከ ጋጣው በር መጥተው፣ “ምን እያደረግሽ ነው?” አሉኝ።

“እያየኋት” አልኳቸው።

በእንግሊዝኛ ነው የመለስኩት፤ ድምፁ ግን የአባቴ ነበር።

ለእናቴ ስደውል ስለ ፈረሶቹ መጠየቅ ትወድ ነበር። “ይጫናሉ?” አይ እማዬ። “ይጋለባሉ?” አይ። ዝም ትልና፣ “ይጠግባሉ ግን?” ትለኛለች። እንዲጠግቡ እንደማይፈቀድ ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ “አይ ጊዜ” አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ግንቦት መገባደጃ ላይ ነው። አንድ ጎረቤት ሣሩን በማጨጃ መኪና ሲያጭድ ዋለ። ደግ ሰው ነው፣ ፈረሶቹንም ይወዳቸዋል፤ ያንን እርጥብ አጨዳ በጋሪ አምጥቶ በአጥሩ ላይ ገለበጠላቸው። እኛ ያየነው በማግስቱ ነው፣ ቅሪቱን አጥር ሥር። በዚያው ማታ ድርቆሽ ይዤ ስወጣ ፔፐር እያሽካካ መጣ፤ ዴዚ ካለችበት አልተነቃነቀችም። የፊት እግሮቿን ወደፊት ዘርግታ ክብደቷን ወደ ኋላ ጥላለች። ሰኮናዋን በመዳፌ ያዝኩት፤ ይፋጃል። ከቁርጭምጭሚቷ ሥር ያለውን የደም ሥር በጣቴ ስነካው በኃይል ይመታል።

ሐኪሟ በስልክ፣ “እስክደርስ በረዶ፣ ሳታቋርጪ” አለችኝ። ቤት ያለውን በረዶ በሁለት የጎማ ባልዲ ገለበጥኩና የፊት እግሮቿን አስገባሁ። ጎረቤታችን ነገሩን ሲሰማ ፊቱ አመድ ሆነ፤ ሮጦ መኪናውን አስነሣና ነዳጅ ማደያው ያለውን በረዶ በከረጢት በከረጢት አመጣ። እሜቴ እንቢ ብለው ወጥተው ወንበር አስደርገው ተቀመጡ። ፔፐር ከዴዚ ጎን ቆመ፤ ግቢው ክፍት ቢሆንም ሌሊቱን ሙሉ ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። ፈረስ ብቻውን አይረባም የሚሉት ለዚህ ነው፤ ትንሽም ቢሆን መንጋ ይፈልጋል።

እጄ በረዶ ሲለዋውጥ ደነዘዘ። የእርጥብ ሣር፣ የላብና የድርቆሽ ሽታ አየሩን ሞልቶታል። እዚያ ነው፣ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን፣ የጎጆውን ክዳን ነገር ለእሜቴ የነገርኳቸው። ሣሩ እንዴት እንደተመዘዘ፣ ከዋክብቱ እንዴት ይታዩ እንደነበር፣ አባቴ ኮርቻውን ተሸክሞ እንዴት እንደመጣ። እሜቴ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ከዚያ፣ “ፈረሱ ማን ይባል ነበር?” አሉኝ።

“መብረቅ።”

ስሙን ቀስ ብለው፣ እስኪስተካከልላቸው ድረስ ደጋገሙት። ከአባቴ በኋላ ያንን ስም በሌላ ሰው አፍ የሰማሁት ያን ሌሊት ነው።

ሐኪሟ ሊነጋጋ ሲል ደረሰች። መርፌ ሰጠች፣ የሰኮናዋን ራጅ አነሣች፤ አጥንቱ ገና ከቦታው አልተነቃነቀም። መኝታዋ ጥልቅና ለስላሳ ይሁን አለች። ጎረቤታችን እንጨት ሥራ ያውቃልና የራሱን ፍቅፋቂ ልስጥ ሲል ሐኪሟ የምን እንጨት እንደሆነ ጠየቀችው። የጥቁር ዋልነት ነበር። እሱ ራሱ ላሚናይቲስ ያመጣል ብላ ከለከለችና የጥድ ፍቅፋቂ ገዝቶ መጣ። ዴዚ ክረምቱን ሙሉ በሚዛንና በጥንቃቄ ታክማ፣ መስከረም ሲጠባ መሮጥ ጀመረች።

እሜቴ ከጊዜ በኋላ እየደከሙ ሄዱ። መውጣት ሲያቅታቸው ዴዚን በማሰሪያ እየሳብኩ ወደ በረንዳው አመጣላቸው ነበር። እሳቸውም በብርድ ልብስ ተጠቅልለው መዳፋቸውን ከአንገቷ እስከ ጎድኗ ያሳልፉ ነበር፤ “ሰሞኑን ወፍራለች፣ ሚዛኑን እይው” ይሉኛል። እውነታቸውን ነበር። ያረፉት በጥር ነው። እነዚህ ፈረሶች 30 ዓመትም አልፈው ሊኖሩ ይችላሉና እሜቴ በኑዛዜያቸው አስበውበታል፤ ሁለቱ እንዳይለያዩ፣ ከእኔ ጽሑፍ ጋር ለእህታቸው ልጅ እንዲሰጡ። ጽሑፉ የድርቆሹ ልክ፣ የሰኮናው ጊዜ፣ የሐኪሟ ስልክ ነው። አንገትና ጎድን እንዴት እንደሚዳሰስ ግን በወረቀት አይጻፍምና ሄጄ አሳየኋት። ፔፐርና ዴዚ ዛሬም አብረው ናቸው።

አሁን ከአሌክሳንድሪያና ከሲልቨር ስፕሪንግ እየወጡ ገጠር ቤት የሚገዙ የአገሬ ሰዎች በዝተዋል፤ ልጆቻቸውም ትንሽ ፈረስ ግዙልን ይላሉ። አንዳንዶቹ ይደውሉልኛል። እኔም ለሁሉም የምለውን ለአንተም ልንገርህ። አንድ ብቻ አትግዛ፤ ሁለት ግዛ። ለሐኪምና ለሰኮና ከርካሚ የሚሆን ገንዘብ ከሌለህ አንድም አትግዛ። ከአንተ በኋላ ማን እንደሚይዛቸው አስቀድመህ ወስን። ጎረቤትህን ሄደህ በአጥሩ ላይ ምንም እንዳይጥል በትሕትና ንገረው። ረሀብ ያየ ሰው ከሆንክ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቅ፤ እኛ የምንወደውን አጥግበን ካላየን አንረካም፣ እነዚህ ግን የሚኖሩት በየቀኑ በሚያያቸው እጅ ነው። እንግዲህ መሬቱን ገዝተህ ከሆነ መጀመሪያ የምታጥረው ሣር የሌለበትን ግቢ ይሁን።